ለስድስት ሳምንት ወደ አገር ቤት፦ የልጄን የስኳር ሴንሰር እንዴት ላዘጋጅ?

የናቲ እናት (ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለበት። ክንዱ ላይ ሊብሬ 3 ፕላስ የሚባል፣ ስኳሩን ያለማቋረጥ እየለካ ወደ ስልክ የሚልክ ሴንሰር ይለጥፋል፤ ኢንሱሊኑን የሚወስደው በብዕር መርፌ ነው፣ ፓምፕ አልጀመረም። በሐምሌ አጋማሽ ለስድስት ሳምንት ኢትዮጵያ እንሄዳለን። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎ እናቴ ዘንድ ደብረ ብርሃን እንቆያለን፤ ፍልሰታ ሲፈታ ደግሞ የባለቤቴ ወንድም ድሬዳዋ ላይ ይዳራል። ናቲ ከታመመ ወዲህ አገር ቤት ስንሄድ ይህ የመጀመሪያችን ነው።

ያስጨነቀኝ የሴንሰሩ ነገር ነው። ኢንሹራንሳችን የሚሸፍነው በወር ሁለት ብቻ ስለሆነ የሚተርፍ የለም። ልጁ ደግሞ ኳስ ይወዳል፤ ላብና ግፊያ ሲበዛ አንዳንዱ ጊዜው ሳይደርስ ይላቀቃል። ስንት ይዤ ልሂድ? ትርፉንስ ከየት ላምጣ? አዲስ አበባ ላይ ቢያልቅብኝ ይገዛል ወይ? በአውሮፕላን ማረፊያው መፈተሻ ማለፉ አይጎዳውም? ሌሊት ስኳሩ ሲወርድ የሚቀሰቅሰኝ የስልኬ ማንቂያ ነው፤ ያለ እሱ ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት እንደማድር ሳስበው ከአሁኑ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሐኪሙ «አትጨነቂ፣ ትርፍ ያዢ» ብሎኛል። ትርፍ ማለት ስንት እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

አሮጌው ሾፌር (ሜሪላንድ)

እኅቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ከስኳር ጋር ሆኜ ጸጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝ፤ የጀመርኩት የመስታወት መርፌ በሚቀቀልበት ዘመን ነው። አሁን ክንዴ ላይ እንደ ናቲ ያለው ክብ ነገር አለ፣ አገር ቤትም እመላለሳለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢ።

ስለ ሴንሰሩ ብዛት ከመናገሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ናቲ ጣቱን ወግቶ መለካት ይችላል? አንቺስ ግሉኮሜትሩን (የጣት መለኪያውን) በመጨረሻ የነካሽው መቼ ነው? ሴንሰር ቢጠፋ በጣት ይኖራል። ኢንሱሊን ቢጠፋ ግን ዓይነት 1 ለሆነ ልጅ ነገሩ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሻንጣው ሲሞላ መጀመሪያ የሚገባው ኢንሱሊን ነው፣ ከሚያስፈልገው እጥፍ። ቀጥሎ ግሉኮሜትር፣ ደም ከሚነካው ስትሪፑና ጣት ከሚወጋው ላንሴቱ ጋር፣ ከነትርፍ ባትሪው። ሴንሰር ሦስተኛ ነው። ሰው ሁሉ ግን የሚጀምረው ከሦስተኛው ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜና እሑድ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፊና በጣት ብቻ ዋሉ። ናቲ ያለቃቅሳል፤ ያልቅስ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ፕላስ የሚባለው 15 ቀን ይቆያል፤ ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው፤ በስሌት ሦስት ይበቃል። ለናቲ ግን ስድስት ያዢ። አንዱ ሲለጠፍ ይበላሻል፣ አንዱን የመኪና በር ይነቅለዋል፣ አንዱ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ያለ ምክንያት «ሴንሰር ይቀየር» ብሎ ይዘጋል። እዚህ ሆነን ሲበላሽብን ለአምራቹ ደውለን ተለዋጭ ይላክልናል። ተለዋጩ የሚመጣው ግን ቨርጂኒያ ወዳለው አድራሻሽ ነው፣ ደብረ ብርሃን ድረስ የሚከተልሽ የለም። ቢሆንም የተበላሸውን ዝም ብለሽ አትጣይው፤ ተከታታይ ቁጥሩን ፎቶ አንሥተሽ ያዢ፣ ስትመለሺ ትጠይቂበታለሽ።

ትርፉ የሚገኝበት መንገድ ይህ ነው። ፋርማሲው ጊዜው ሳይደርስ ሁለተኛ ዙር ልትወስጂ ስትሞክሪ ኮምፒውተሩ «ገና ነው» ብሎ ይመልስሻል፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ካለችው ልጅ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም ነው። «ቫኬሽን ኦቨርራይድ ጠይቁልኝ» በያት፤ ለጉዞ ሲባል ጊዜው ሳይደርስ ለመውሰድ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ከአገር የምትወጪበትንና የምትመለሽበትን ቀን ትጠይቅሻለች፣ ኢንሹራንሱ ከፈቀደ ለጉዞው የሚሆነው በአንድ ጊዜ ይሰጥሻል። እሺ የማይሉ ኢንሹራንሶች አሉ። ያን ጊዜ ሐኪሙ በማዘዣው ላይ ምክንያቱን እንዲጽፍ አድርጊ፤ ያም ካልሆነ ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ መውሰድ የሚፈቀድበት የመጀመሪያው ቀን እንደደረሰ ውሰጂ፤ በየዙሩ የምትቀድሚያቸው ቀናት እየተጠራቀሙ እስከ ሐምሌ አንድ ትርፍ ሊወጣቸው ይችላል። የጎደለውን በኪስሽ መግዛት የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የአምራቹን ቅናሽ ሳትጠይቂ ግን አትክፈይ። ይህን ሁሉ ለመሄድ አንድ ሳምንት ሲቀር ከጀመርሽ አይደርስልሽም።

ስትቀበዪ ሳጥኑ ላይ ያለውን የመጠቀሚያ ጊዜ እዚያው ቆመሽ አንብቢ፤ በነሐሴ መካከል የሚያልፍበትን አትቀበዪ። ተከታታይ ቁጥሩንም አጣሪ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 አምራቹ አቦት የተወሰኑ የሊብሬ 3 እና የሊብሬ 3 ፕላስ ሴንሰሮች ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ንባብ ሊሰጡ እንደሚችሉ አስታውቆ፣ ቁጥራቸው የተጠቀሰውን ሰዎች እንዲጥሉና በነጻ እንዲተኩ አድርጓል። አንድ የቆየ ሳጥን ቤት ውስጥ ካለሽ፣ «ለጉዞ ይሆነኛል» ብለሽ ያስቀመጥሽው፣ እሱን መጀመሪያ አጣሪ።

ስለ አውሮፕላን ማረፊያው። ሁሉም ነገር የሚሄደው በእጅ ሻንጣ ነው፤ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አንድም ነገር አይገባም። ሻንጣው ሊዘገይ ይችላል፣ የጭነት ክፍሉ ቅዝቃዜም ለኢንሱሊን አይበጅም፤ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም ዋጋ የለውም። ግማሹን አንቺ ያዢ፣ ግማሹን ባለቤትሽ ይያዝ። ቦርሳ ይረሳል፣ ይሰረቃልም። የስልክ መሙያ ባትሪም በሚጫን ሻንጣ አይፈቀድም፣ እሱንም ከእጃችሁ አትለዩት። ክንዱ ላይ ያለው ሴንሰር በብረት መፈተሻው በር ቢያልፍ ችግር የለበትም። እጅ ወደ ላይ ተነሥቶ የሚቆምበትን ማሽን በተመለከተ ግን የአምራቾች መመሪያ እንደ መሣሪያው ዓይነት ይለያያል፤ ስለዚህ ክርክር ውስጥ ሳትገቢ «ልጄ የሕክምና መሣሪያ አለበት፣ በእጅ ይፈተሽልኝ» በይ። ያልተለጠፉትንም በኤክስሬይ ፈንታ በዓይን እንዲያዩልሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። ኢንሱሊኑን የሚያቀዘቅዘው ጄልና ስኳሩ ሲወርድ የሚጠጣው ጭማቂ ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም ለሕክምና እስከሆነ ድረስ ያልፋል፤ ከመፈተሹ በፊት ግን ለይተሽ አሳዪ።

የሐኪም ደብዳቤ መያዝ እንዳለብሽ ሁሉም ይነግርሻል። ማንም የማይነግርሽን ደግሞ እኔ ልንገርሽ፦ ማኅተም አስመቺበት። የአሜሪካ ሐኪም በኮምፒውተር አትሞ ከታች ጫር ያደርጋል፣ እዚህ ይበቃል። አገር ቤት ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም። እኔ የምታከምበት ክሊኒክ ውስጥ ያለችው ጸሐፊ መጀመሪያ ግራ ገብቷት «ለምን?» አለችኝ፤ መሳቢያዋን ስትበረብር የክሊኒኩን ስምና አድራሻ የያዘ ሰማያዊ ማኅተም አገኘች፣ ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቃት ሁለት ቦታ ትመታልኛለች። ሳጥኖቹም የናቲ ስም ያለበትን የፋርማሲ ወረቀት እንደያዙ ይሂዱ፤ ቦታ ለመቆጠብ ብለሽ ሴንሰሮቹን ከሳጥናቸው አታውጪ። ስድስት አንድ ዓይነት ሳጥን ያለ ስም ሲታይ ንግድ ይመስላል።

በመጨረሻ፣ አዲሱን ሴንሰር ከበረራው አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ለጥፊለት። የመጀመሪያው ቀን ንባብ ሲዋዥቅ ቤትሽ ሆነሽ ታይዋለሽ፣ ጊዜውም አትላንቲክ ላይ አያልቅም። ከዋሺንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ልጁ የተለጠፈበትን ክንድ ተጭኖ ከተኛ ስልኩ ያልወረደውን ስኳር «ወረደ» እያለ ያስጮህብሻል። ጭማቂ ከማጠጣትሽ በፊት ክንዱን አንሺለት፣ ጣቱንም ለኪ። በአሜሪካ በጋ የሰዓት ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን በየትኛው ሰዓት እንደምትወጊው ሐኪሙ በጽሑፍ ይስጥሽ፣ አውሮፕላን ላይ ሆነሽ አታስይው።

ታዛቢ (ሚኒሶታ)

ይህን ሁሉ ግርግር ምን አመጣው? እኛ ያለ ሴንሰር አድገናል፣ ወላጆቻችንም ስኳራቸውን ያለ ስልክ ችለው ኖረዋል። ሁለት ግሉኮሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ ሴንሰሩን እዚሁ ተዉት። ልጁም ከስልክ ትንሽ ያርፋል።

አሮጌው ሾፌር (ሜሪላንድ)

ወንድሜ ታዛቢ፣ ያለ ሴንሰር የኖርነውን አየህ፤ ሌሊት ስኳራቸው ወርዶ ሳይነቁ የቀሩትን ግን እዚህ መጥተው አይጽፉልህም። እኔ በጣት መለካትን ያስቀደምኩት ሴንሰሩን ስለናቅሁ አይደለም። ይህች እናት በማታውቀው አልጋ፣ በተለወጠ ሰዓት፣ በተለወጠ ምግብ ልጇን ልታስተኛ ነው። ማንቂያው ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልጋት ያን ጊዜ ነው። ከስልክ እንዲያርፍ ከፈለግህ ጨዋታውን አጥፋበት።

ፋርማሲስት (አዲስ አበባ)

የናቲ እናት፣ እዚህ ስላለው ሁኔታ እኔ ልመልስልዎ። ሴንሰር በመደበኛነት በየፋርማሲው የሚገኝ ዕቃ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከውጭ ይዘው የመጡ ሰዎች ይሸጣሉ። ሁለት ምክንያት ስላለኝ አልመክርዎትም። አንደኛ፣ በመንገድ ላይ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የመጣ ሴንሰር አሜሪካ ከተጫነው መተግበሪያ ጋር ላይግባባ ይችላል፤ ሳጥኑ ተመሳሳይ ይመስላል፣ ሲለጠፍ ግን ስልኩ አይቀበለውም። ገንዘቡን ከፍለው፣ ልጁን ወግተው ያኔ ነው የሚያውቁት።

በፖስታ አስልካለሁ ብለው እንዳያስቡም። የሕክምና መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር አለበት፤ ፈቃዱ እስኪጣራ ዕቃው ጉምሩክ ሲቀመጥ የእርስዎ ስድስት ሳምንት ያልቃል። ከእጅ ጋር የሚገባ፣ ማዘዣ ያለው፣ ለራስ የሚሆን መጠን ነው የሚሻለው።

ስትሪፕም ቢሆን የያዙት ግሉኮሜትር ዓይነት እዚህ ላይኖር ይችላል፤ ስትሪፕ ደግሞ ከገዛ ማሽኑ ውጭ አይሠራም። በቂ ይዘው ይምጡ፣ ካለቀ ግን ስትሪፕ ፍለጋ ከመዞር እዚህ የሚሸጥ ግሉኮሜትር ከነስትሪፑ መግዛት ይቀላል። የምንለካውም እንደ አሜሪካው በሚሊ ግራም ነው፣ በቁጥሩ ግራ አይጋቡም።

ኢንሱሊን በተመለከተ፦ በብዛት የሚገኙት ሬጉላር፣ ኤን ፒ ኤች እና የሁለቱ ድብልቅ 70/30 ናቸው። ልጅዎ የሚወስደው አዲሱ ፈጣን ዓይነት ከሆነ በአንዳንድ የግል ፋርማሲዎች ይኖራል፣ በተፈለገበት ቀን መገኘቱ ግን ዋስትና የለውም። ተገድደው ወደ ሬጉላር ቢዞሩ አወሳሰዱ ይለያል፤ ሬጉላር ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ነው የሚወጋው። ይህን ከመምጣትዎ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው መጠኑን በጽሑፍ ይያዙ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። እዚህ ጉንፋን ሲይዝ ዘመድ ወዲያው በውኃ የሚሟሟ ቫይታሚን ሲ ያመጣል፣ እኛም በየቀኑ እንሸጣለን። ከፍ ያለ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ የሊብሬን ንባብ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ያን ቁጥር አምነው ኢንሱሊን ቢጨምሩ የልጁ ስኳር ይወርዳል። ናቲ ክረምቱ ይዞት ካስነጠሰ ሎሚ በሻይ ይበቃዋል።

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)

ወደ እኛ እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለ ሙቀቱ ማንም አላነሣም። የሊብሬ ሳጥን ላይ የተጻፈውን ብታይው ሴንሰሩ መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ውስጥ ነው። በነሐሴ ቀን ላይ ድሬ 28ን ጠዋት ነው የምታልፈው። ስለዚህ ሁሉንም ይዘሽ አትምጪ። የአዲስ አበባ ክረምት ራሱ ማቀዝቀዣ ስለሆነ ሳጥኖቹን እዚያ ዘመድ ቤት ደረቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ተዪአቸው፣ ለሰርጉ የሚሆን አንድና አንድ መጠባበቂያ ይዘሽ ነይ። የተለጠፈው አያሳስብም፣ እስከ 45 ዲግሪ ይሠራል ይላል መመሪያው፤ የሚያሳስበው ያልተለጠፈው ነው።

አባቴ የስኳር ታማሚ ነው፤ ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጠው በማሰሮ ነው። ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ይደረጋል፣ መካከሉ ላይ ትንሽ ማሰሮ ይቀመጣል፣ ኢንሱሊኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ ትንሹ ውስጥ ይገባል፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። ጠዋትና ማታ አሸዋው ላይ ውኃ ጠብ ይደረግበታል። ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው መስኮት አጠገብ መሆን አለበት፤ ታፍኖ ከተቀመጠ አይቀዘቅዝም። መብራት በሚጠፋበት ቤት ከፍሪጅ ይሻላል፣ ምክንያቱም ፍሪጅ መብራት ሲመጣ በጉልበት ይሠራና ከበረዶው ክፍል አጠገብ ያለውን በረዶ ያደርገዋል። ሴንሰር ግን ማሰሮው ውስጥ አታስገቢ፣ እርጥበት ጠላቱ ነው። እሱን የሆቴሉ ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ውስጥ አስቀምጪ፤ ክፍሉን ለቅቃችሁ ስትወጡ ማቀዝቀዣውን የሚያጠፉ ሆቴሎች ስላሉ እንዳያጠፉት ንገሪ።

ሰርግ ላይ ደግሞ ልጁ ይጨፍራል፣ ላቡ ሴንሰሩን ይነቅለዋል። ከላዩ የሚለጠፍ ክብ ፕላስተር ከዚያ ይዘሽ ነይ፣ እዚህ ያለው ተራ ፕላስተር በላብ አይይዝም። ከመለጠፍሽ በፊት ቆዳውን በአልኮል ጥረጊና በደንብ ይድረቅ። ቅባት የተቀባ ክንድ ላይ ምንም አይጣበቅም፤ አክስቶች ልጅ ሲያዩ ቅባት ማምጣት ይወዳሉ።

የናቲ እናት (ቨርጂኒያ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ቫኬሽን ኦቨርራይዱን ዛሬ ደውዬ ጠየቅሁ፤ ፋርማሲዋ የአውሮፕላን ትኬቱን ቀን ተቀብላ «በአምስት ቀን ውስጥ እንነግርሻለን» ብላለች። አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ኢንተርኔት እንደ ዕድል ነው፤ ማንቂያው ያለ ኢንተርኔት ይጮኻል ወይ? ሌላው፣ የአክስቶቹ ልጆች ፍልሰታን ይጾማሉ፤ ናቲ ከአሁኑ «እኔም እጾማለሁ፣ እቆርባለሁ» እያለ ነው። እናቴ ደግሞ ጠበል ልትወስደው ቀን ቆጥራለች። ክብ ነገሩ ውኃ ሲነካው ምን ይሆናል? ልከለክላት አልፈልግም።

አሮጌው ሾፌር (ሜሪላንድ)

ማንቂያው ይጮኻል። ሴንሰሩ ከስልኩ ጋር የሚነጋገረው በብሉቱዝ ስለሆነ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ አውሮፕላን ላይም ስልኩን የበረራ ሁኔታ ላይ አድርገሽ ብሉቱዙን ከከፈትሽ ይሠራል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ንባቡን ወደ ሌላ ሰው ስልክ ለመላክ ነው። አሁን እንደማስበው የናቲ ሴንሰር ከናቲ ስልክ ጋር ነው የተያያዘው፣ አንቺ ደግሞ ከሌላ ክፍል ሆነሽ በኢንተርኔት ትከታተይዋለሽ። እንዲያ ከሆነ ደብረ ብርሃን ላይ በአንቺ ስልክ አትታመኚ፣ የእሱን ስልክ ድምፁን ከፍተሽ ራስጌሽ አድርጊ፣ ልጁንም አጠገብሽ አስተኚ። ብሉቱዝ የሸክላና የድንጋይ ግድግዳ አይወድም። የእናትሽ ቤት ግድግዳ ወፍራም ከሆነ አንድ ክፍል ሲርቅ ይቋረጣል።

ስልኩን በሚመለከት ሌላ። አንድ አሮጌ ስልክ ላይ መተግበሪያውን እዚሁ አውርደሽ ይዘሽ ሂጂ፤ እዚያ ሆነሽ ላውርድ ብትይ «በዚህ አገር አይገኝም» ሊልሽ ይችላል። የመለያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጻፊ። ስልኩ ራሱን በራሱ እንዳያድስ አጥፊው፤ የስልኩ ሥርዓት ሲታደስ መተግበሪያው የሚታወክበት ጊዜ አለ፣ ያንን ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ማወቅ አትፈልጊም። ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ ወደ ጣርማ በር ለሽርሽር ከወጣችሁ ከፍታው ከ3000 ሜትር ይበልጣል፤ መሣሪያው የተፈተነው እስከዚያ ገደማ ስለሆነ እዚያ ላይ ንባቡን በጣት አመሳክሪ።

ጠበሉ አያሳስብሽ። ሴንሰሩ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ድረስ ለ30 ደቂቃ ውኃ ይችላል፤ ከላይ ሲፈስስበት ምንም አይሆንም። እናትሽን አስቀድመሽ ማነጋገር ያለብሽ ስለ ሌላ ነገር ነው። ጠበል ቦታ ላይ «መድኃኒቱን ትቶ በእምነት ይቆይ» የሚል ሰው ብቅ ማለቱ አይቀርም። ለእናትሽ በትሕትና ግን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያት፦ ጠበሉ ከኢንሱሊኑ ጋር ነው። ሁለት ቀን ያለ ኢንሱሊን የዋለ ዓይነት 1 ልጅ ምን እንደሚሆን በዓይኔ ስላየሁ ነው የምጮኸው። በንስሐ አባታቸው በኩል ከተነገራት ደግሞ ከእኔም ከአንቺም ይልቅ ትሰማለች።

ጾሙን ንስሐ አባቱና ሐኪሙ ይወስኑት፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመን ልጅ ጹም ብላ አታስገድድም። ከሥጋና ከወተት መከልከሉ ብቻ ከሆነ አያስቸግርም፣ ሽሮና ምስር ይበላል፣ እንጀራውን ግን መጥነሽ ቁጠሪለት። እስከ ቅዳሴ መውጫ ሳይበላ መቆየቱ ነው ጣጣው። ሐኪሙ እሺ ካለ የመውረጃ ማንቂያውን ከተለመደው ከፍ አድርገሽ ሙዪ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስልኩ በንዝረት ይሁን፣ የአክስቶቹ ልጆች መካከል ሳይሆን አንቺ አጠገብ ይቁም። ማንቂያው ከነዘረ በዚያው ደቂቃ ጭማቂውን ይጠጣል፤ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው እንዳይኖር ለሁሉም ቀድመሽ ንገሪ። ጭማቂውን የያዘው ቦርሳ ደጀ ሰላም ከጫማ ጋር እንዳይቀር።

ስትመለሺ የተረፈ ስትሪፕ ካለ ለዚያው ለደብረ ብርሃን ጤና ጣቢያ ወይም ስኳር ላለበት ጎረቤት ስጪ፤ ግሉኮሜትሩን ግን አብረሽ ስጪ፣ ያለ ማሽኑ ምንም አይሠራላቸውም። የተረፈውን ሴንሰር ለሰው አትስጪ። የአሜሪካው መተግበሪያ የሌለው ሰው ሊያስጀምረው ስለማይችል ይዘሽው ነይ።